ሰፈራችንን ምን አሞታል?

 

የዚህ ወር የጤና ዐምዳችን መነሻ ከአንድ የወረዳ ከተማ የመስጂድ ወጣቶች ጀመዓ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ወጣቶቹ በረመዷን ወር ከነጋዴዎች፣ ከየቤተሰቡና ውጭ አገር ከሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ገንዘብ አሰባስበዋል። ገንዘቡ ለሰፈሩ ጤና እንዲውል ሁሉም ተስማምቷል። ያልተስማሙት ምን ይሠራበት በሚለው ነው። ሽማግሌዎቹ ጤና ጣቢያው ለጉልበታቸው ስለራቀባቸው "ከመስጂዱ ጎን ክሊኒክ ይሠራ" ይላሉ። ወጣቶቹ "የጎረቤት ከተማ ጀመዓ አምቡላንስ ገዝቷል፣ እኛስ ምን ይጎድለናል?" ይላሉ። የመድኃኒት መደብር ያለው አንድ ወንድም ደግሞ "በየቀኑ የሐኪም ወረቀት ይዘው መጥተው ገንዘብ አጥሯቸው የሚመለሱትን የማየው እኔ ነኝ፤ መድኃኒት እንግዛላቸው" ብሏል። "ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስቱንም ጊዜ ተኳርፈን ተለያየን። እናንተ የትኛውን ትመርጡልናላችሁ?" ሲሉ ይጠይቁናል።

አላህ ኒያችሁን ይቀበላችሁ። እኛ ግን ከሦስቱ አንዱንም አንመርጥላችሁም። ምክንያቱም በአራት ገጽ ደብዳቤያችሁ ውስጥ ገንዘቡ እስከ ሳንቲሙ ተቆጥሯል፤ ባለፈው ዓመት በሰፈራችሁ ስንት ሕፃን እንደሞተ፣ ስንት እናት ቤቷ እንደወለደች፣ በየጓዳው ማን እንደተኛ ግን አንድም መስመር አላገኘንም። (ከተሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ የዘካ ድርሻ ካለበት ለማን እንደሚሰጥ የሚነግሯችሁ ዑለሞች ናቸው፤ ያ የዚህ ዐምድ ሥራ አይደለም።)

አንድ ሐኪም በሽተኛው ገና ከበር ሲገባ፣ ምንህን አመመህ ሳይለው፣ ደረቱንም ሳያዳምጥ መድኃኒት ቢያዝለት ምን ትላላችሁ? ሰፈርም እንደ በሽተኛው መጠየቅና መመርመር አለበት። የጤና ባለሙያዎች ይህን የአንድ አካባቢ ሕዝብ የጤና ፍላጎት ጥናት ይሉታል። ስሙ የቢሮ ሥራ ቢመስልም ግማሹ በእግር መዞርና ጎረቤትን አረጋግቶ ማነጋገር ነው።

እንግሊዛዊው ምሁር ጆናታን ብራድሾው እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው ጽሑፍ "ያስፈልጋል" የምንለው ነገር አራት መልክ እንዳለው አሳይቷል። አንዱ ባለሙያ መርምሮ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ሁለተኛው ሰው በራሱ ላይ የሚሰማው ነው። ሦስተኛው ሰው ከቤቱ ወጥቶ የጠየቀው፣ ማለትም በጤና ጣቢያው ወረፋ ወይም በመድኃኒት መደብሩ መስኮት ላይ የሚታየው ነው። አራተኛው ደግሞ ከሌላ ተመሳሳይ አካባቢ ጋር ስንተያይ የጎደለን ሆኖ የምናገኘው ነው። አሁን የናንተን ጀመዓ ተመልከቱት። ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ሁለተኛውን ነው፤ የሚሰማቸውን። መድኃኒት ሻጩ ወንድም ሦስተኛውን አየ። ወጣቶቹ ከጎረቤት ከተማ ጋር ተያዩና አራተኛውን ያዙ። ሁሉም እውነት ተናግረዋል። የመጀመሪያውን፣ የባለሙያውን ዓይን፣ ያስታወሰ ግን የለም። ከቤቱ ያልወጣውን ሰው የጠየቀም የለም።

የባለሙያው ዓይን ለምን አስፈለገ ብትሉ የደም ግፊትን አስቡ። ግፊት ብዙ ጊዜ አያምም፤ የማያመውን ነገር ደግሞ ማንም አይጠይቅም። ጁልያን ቱዶር ሃርት የሚባል ሐኪም በዌልስ አገር፣ ግሊንኮርግ በምትባል የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ታማሚዎቹ እስኪመጡ መጠበቁን ትቶ የመንደሩን አዋቂዎች ሁሉ ግፊት ለመለካት ተነሣ፤ ሕመም ያልተሰማቸው ግን ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎችንም አገኘ። ይኸው ሐኪም በ1971 በጻፈው ጽሑፍ ዛሬም ድረስ የሚጠቀስ ነገር ተናገረ፤ ጥሩ ሕክምና የሚገኘው ይበልጥ በሚያስፈልገው ሕዝብ ዘንድ ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ባነሰ በሚያስፈልገው ዘንድ ነው። ያውም የተናገረው ሕክምና በነፃ በሚሰጥበት አገር ሆኖ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ይህንኑ በቁጥር እናገኘዋለን። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 39 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ይህ የአገር አማካይ ነው። አማካዩን ፈታ ስናደርገው አዲስ አበባ 89 በመቶ፣ አፋር ደግሞ 15 በመቶ ሆነው ተገኙ። በ39 ብቻ የሚመራ ሰው የአፋሩን ሕፃንም የአዲስ አበባውንም አያውቃቸውም ማለት ነው። በአንድ ከተማ ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ከአስፋልቱ ዳር ያለው ሰፈርና ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር በአንድ ቀበሌ ስም ቢጠሩም አንድ ዓይነት ሕመም አይታመሙም።

እንግዲህ ቤት ለቤት ሄዶ መጠየቅ ምን ያህል ነገር እንደሚያወጣ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በጉራጌ ምድር፣ ቡታጅራ አለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በቡታጅራና በዙሪያዋ ከቆላ እስከ ደጋ አሥር ቀበሌዎችን መረጠ፤ ዘጠኙ የገጠር ሲሆኑ አንዱ የከተማ ነው። ሥራው የተጀመረው በሕዝብ ቆጠራ ነበር። ከዚያ በኋላ የተመለመሉ ሠራተኞች በየጊዜው ወደየቤቱ እየሄዱ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን አገባ፣ ማን ለቆ ሄደ እያሉ ይመዘግቡ ጀመር። የልደትና የሞት መዝገብ ባልነበረበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ታዲያ ምን ተገኘ? መጀመሪያ የሕፃናቱን ሞት እንመልከት። ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከሚገድሉት መካከል ቀዳሚዎቹ የሳንባ ምችና ተቅማጥ ሆነው ተገኙ። ሁለቱም ቶሎ ከተደረሰባቸው ብዙ ጊዜ በቀላል ወጪ የሚድኑ በሽታዎች ናቸው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጠው ንጥረ ነገር፣ ለሳንባ ምች በጊዜው የተጀመረ የታዘዘ መድኃኒት። የሚያስፈልገው ደግሞ ልጁ ሲያቃስትና ጎኑ ሲሰረጎድ ሕመሙ ከባድ መሆኑን የምታውቅ፣ ዐውቃም ተነሥታ ለመሄድ የምትችል እናት ናት።

"ለመሄድ የምትችል" ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያው ቡታጅራ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሥራ፣ በቤቷ ውሳኔ ላይ ድርሻ የሌላት እናት ልጆች የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ልጁ ሌሊት ሲያተኩሰው አባት ገበያ ሄዶ ያደረ እንደሆነ፣ ገንዘቡ ያለበትን የማታውቅ፣ ሳታስፈቅድም ከቤት መውጣት የምትፈራ እናት ምን ታድርግ? ጤና ጣቢያው ደጃፏ ቢሠራ እንኳ ያቺ ሌሊት አትቀየርላትም። ውድ ወንድሜ፣ ይህን ስታነብ ስለ ሌላ ሰው ቤት እየተወራ እንዳይመስልህ። ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ ባለቤትህ ታውቃለች?

ሁለተኛው ስለ አእምሮ ሕሙማን ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች በዚያው ወረዳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት እየሄዱ ጠየቁ። በዚያም ላይ አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎችን "በዚህ መንደር ጠባዩ የተለወጠ፣ ከሰው የተገለለ ማን አለ?" እያሉ አነጋገሩ። ስኪዞፍሬኒያ ከተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሆነው ከተገኙት መካከል ከአምስቱ አራቱ በላይ ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት በሕይወታቸው አንድም ቀን አላገኙም ነበር። በጤና ጣቢያው መዝገብ ብቻ የሚመራ ሰው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች የሉም ማለት ነበር። እነርሱ ግን አሉ፤ በጓዳ፣ በጎተራ ሥር፣ አንዳንዶቹም በገመድና በሰንሰለት ታስረው። ቤተሰቡ ያሠረው ጨክኖ ላይሆን ይችላል፤ ሌላ መላ አጥቶ፣ ልጁ ገደል እንዳይገባ ፈርቶም ሊሆን ይችላል። ሰዉ ምን ይለኛል የሚለው ሐፍረትም አለበት። ሩቅያ የሚያስቀሩ ቤተሰቦች ቢኖሩ የምንላቸው አንድ ነገር ነው፤ ቁርኣኑም ይቀራ፣ ሕክምናውም ይቅረብ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ከዓመታት በኋላ በአጎራባቿ የሶዶ ወረዳ የአእምሮ ሕክምና በየጤና ጣቢያው ከሌላው ሕክምና ጋር አብሮ እንዲሰጥ ተሞክሯል። እዚያ የተደረሰው ግን አስቀድሞ ቤት ለቤት ስለተቆጠረ ነው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ትንሽ ከብዶን ነበር፤ ሆኖም የቤተሰብ መጽሔት ይህን ካልጻፈ ማን ይጻፈው? የዓለም የጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ባካሄደውና በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ቡታጅራም ተካትታ ነበር። ትዳር ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በሕይወታቸው ከባል ወይም ከትዳር ጓደኛ የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ። ከመቶ ሰባ አንድ! ሴቶቹ የተናገሩት ለጥናቱ በሠለጠኑ ሴቶች፣ ብቻቸውን፣ ማንም በማይሰማበት ተጠይቀው ነው። ያንኑ ጥያቄ አማት በተቀመጠችበት፣ ባልም በር ላይ በቆመበት ብንጠይቅ "አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን" ከሚለው በቀር ሌላ መልስ ባልተገኘም ነበር። ሰላማዊ ነው የምንለው ሰፈር ሁሉ በዚህ መልክ ተጠይቆ እንደሆን እንጃ።

አሁን ወደ ወጣቶቹ ሥራ እንለፍ። መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ነው፤ የምትሠሩትን ንገሯቸው፣ ፈቃዳቸውንም ጠይቁ። ከዚያ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ሂዱ። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት እነዚህ እህቶች ቤት ለቤት ሲዞሩ የኖሩ ናቸው፤ የየቤተሰቡን ማኅደርም ይይዛሉ። የስንቱ ሕፃን ክትባት እንደተቋረጠ፣ የትኛው ቤት መጸዳጃ እንደሌለው ከናንተ በፊት ያውቁታል። እነርሱ የደከሙበትን እንደ አዲስ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው፤ ደግሞም ያስቀይማል።

ቀጥሎ ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩና በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሣሉት። የውኃ ቦኖው፣ ቆሻሻው የሚጣልበት፣ ውኃ የሚያቁረው ጉድጓድ፣ ጤና ጣቢያው፣ ክረምት ሲገባ የሚቋረጠው መንገድ ይግባበት። ጉዞውን ሰዓት ይዛችሁ ለኩት፤ ያውም በወጣት እግር ሳይሆን ነፍሰ ጡር ሴት ይዛችሁ በምትሄዱበት አካሄድ።

ወደየቤቱ ስትገቡ ሴቶችን ሴቶች ያነጋግሩ። የሰዎቹን ስም አትጻፉ። የሰማችሁትን ለጓደኛ፣ ለሚስትም ሆነ ለኢማሙ አትናገሩ፤ አንድ የቤት ምሥጢር ከወጣ ሁለተኛ በር አይከፈትላችሁም። እንደ ጥቃት ያለውን ከባድ ነገር ያልሠለጠነ ሰው አይጠይቅ፤ ጠያቂዋ ወጥታ ስትሄድ ተጠያቂዋ በዚያው ቤት ትቀራለችና። ራሷ ከተናገረች ግን ማዳመጥና ወደሚረዳት ባለሙያ ማድረስ እንጂ "ታገሺ" ብሎ መነሣት አይገባም። ጥያቄያችሁም ጥቂት ይሁን። አሥር ጥያቄ በደንብ የተጠየቀበት ቤት መቶ ጥያቄ ከታከተው ቤት የበለጠ ይነግራችኋል።

ከሁሉም በላይ ይህን አንድ ጥያቄ አትዝለሉ፦ ባለፉት ሁለት ዓመታት በዚህ ቤት የሞተ ሰው አለ ወይ? ካለም በእርጋታ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከሕመሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ይተረክላችሁ። ሴሬን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1994 (እ.ኤ.አ.) በእናቶች ሞት ላይ ሲጽፉ ሦስት መዘግየቶችን ለይተዋል። የመጀመሪያው ወደ ሕክምና እንሂድ ብሎ ለመወሰን መዘግየት ነው። ሁለተኛው ከተወሰነ በኋላ በመንገድ መዘግየት ነው። ሦስተኛው ጤና ተቋሙ ከተደረሰ በኋላ ባለሙያ፣ ደም ወይም መድኃኒት ታጥቶ መዘግየት ነው።

የአምቡላንሳችሁ ክርክር መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሰፈራችሁ እናቶች የሞቱት መንገድ ላይ ከሆነ ወጣቶቹ ትክክል ናቸው፤ መኪናው ይገዛ፣ ግን የነዳጁ፣ የሾፌሩና የጥገናው ወጪ ለአምስት ዓመት ከየት እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ጻፉ። የሞቱት ቤት ውስጥ "እስቲ እስኪነጋ እንይ" ሲባል ከሆነ አምቡላንሱ ቆሞ ይዝጋል። የሞቱት ሆስፒታል ደርሰው ደም ታጥቶ ከሆነ ደግሞ ደም የሚለግስ ጀመዓ ከመኪናውም ከክሊኒኩም ይበልጣል፤ ያውም ገንዘብ አይጠይቅም።

መልሱ ከነጭራሹ መድኃኒት ላይሆንም ይችላል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሚሲሲፒ በድህነት በተጎዳው የጥቁሮች አካባቢ የጤና ማዕከል ያቋቋመው ሐኪም ጃክ ጋይገር፣ ወደ እርሱ የሚመጡት ሕፃናት ትልቁ በሽታ ረኃብ ሆኖ ቢያገኘው በሐኪም ወረቀት ላይ ምግብ ማዘዝ ጀመረ። ሒሳቡም ከማዕከሉ የመድኃኒት በጀት ይከፈል ነበር። ኃላፊዎች መጥተው ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉት፣ የረኃብ መድኃኒቱ ምግብ ነው አላቸው። በናንተም ሰፈር የቦኖ ውኃ ማስጠገን ከመድኃኒት ዕደላው በልጦ ይገኝ ይሆናል።

አንዳንድ ሰው "እናንተ ስትጠይቁ ሰዉ ይለቅ እንዴ?" ይል ይሆናል። አይለቅም። እየዞራችሁ ሳለ በጠና የታመመ ብታገኙ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና አድርሱት፤ ለዚህ ከገንዘቡ ጥቂት ለይታችሁ ያዙ። ጥናቱ ራሱ ወር ከሁለት ወር አይበልጥም። "ይህ የመንግሥት ሥራ ነው" ለሚለውም፣ አዎን ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡን የሰበሰባችሁት እናንተ ናችሁ።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሕዝባችን ተጠይቆ ሰልችቶታል። ወረቀት ይዞ መጥቶ፣ ልጆቹን ቆጥሮ፣ ተመልሶ ያልመጣ ስንት ነው! ስለዚህ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ወደ ሰፈሩ ተመለሱ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ለወንዶቹ ብቻ ነግሮ ማብቃት አይሆንም፤ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት፣ በዕድሩም ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ባሉበት ይነገር። የቦኖው ውኃ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም ልጅ እኩል ያሳምማል። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ስቀሉትና "ያየነው ይህ ነው፤ ያልነው ትክክል ነው ወይ? የቱ ይቅደም?" በሏቸው። እናንተ በሦስተኛ ደረጃ ያስቀመጣችሁትን እነርሱ አንደኛ ቢያደርጉት አትደንግጡ፤ ምክንያታቸውን ጠይቁ። የስብሰባው ውጤት በጽሑፍ ይያዝና አንድ ቅጂ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ይሰጥ። በዓመቱ ያንኑ ሥዕል አውርዳችሁ ምን እንደተለወጠ ትጽፉበታላችሁ።

በዙር ላይ የታሰረ ሕመምተኛ ያገኛችሁ እንደሆነ እስሩን በጉልበት ለመፍታት አትጣደፉ፤ ቤተሰቡንም አታሳፍሩ። በመጀመሪያ ጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ መሆኑን፣ የማይሰጥ ከሆነም ቅርብ ያለው ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ከቤተሰቡም አንድ ሰው አብሯችሁ እንዲሄድ አግባቡ። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ የመመላለሻ ገንዘብ ከጀመዓው ቢታሰብለት ሕክምናው አይቋረጥም።

በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ ስለ ሕፃናት የሳንባ ምች ምልክቶች በሰፊው እንጽፋለን። ወሰላሙ ዐለይኩም።